ወንዙን ማን ይለካዋል?

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ሰፈሮች አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ በሚወርድበት የከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ አውቶቡስ ጥግ ይዞ ቆሟል። ነጭ ጋውን የደረቡና ቦቲ ጫማ ያጠለቁ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ጠርሙስ፣ ባልዲና አይስ ቦክስ እየተቀባበሉ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ሽታው ከውሃው ቀድሞ ተቀብሏቸዋል። አፍንጫቸውን የሸፈኑ አሉ፤ መምህሩ ግን «መጀመሪያ ሽታውን መዝግቡ» ይላሉ። በመስክ ደብተራቸው ላይ ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከአየሩ ሁኔታ ቀጥሎ የውሃው ቀለምና ሽታ የሚሞላበት ቦታ አለ። የአካባቢ ሳይንስ የሚጀምረው ያዩትንና ያሸተቱትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ከመጻፍ ነው።

አንዲት ተማሪ ባለ እጀታ መረብ ይዛ እስከ ጉልበቷ ገባች። መረቡን ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ ተከለችና የወንዙን ወለል በእግሯ ማገላበጥ ጀመረች። ከድንጋዩ ሥር የሚነሳውን ሁሉ ውሃው እየገፋ መረቡ ውስጥ ያስገባዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የተያዘው ሁሉ ነጭ ትሪ ላይ ተገለበጠ። ሁሉም አጎነበሰ። ጭቃው ሲረጋ እንደ ክር የቀጠኑ ቀያይ እጮች ሲጠማዘዙ ታዩ። ብዛታቸው ለቆጠራ ያስቸግራል። ከእነሱ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ቅላታቸው ከሄሞግሎቢን የመጣ ነው፤ የእኛን ደም የሚያቀላው ያው ንጥረ ነገር። ኦክስጅን በጠፋበት ጭቃ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ኦክስጅን አጥብቀው የሚይዙት በእሱ ነው። ለዚህም ነው ሌላው ሁሉ ሲያልቅ እነሱ የሚተርፉት። እነዚሁ ተማሪዎች ቀደም ብለው ከከተማዋ በላይ፣ ከተራራው ሥር በሚወርድ ጅረት ላይ ይህንኑ ሲያደርጉ ትሪው ላይ ያገኙት ሌላ ዓለም ነበር፤ ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው እጮች፣ ከአሸዋና ከጠጠር ለራሳቸው ማደሪያ የሚገነቡ ትሎች፣ ድንጋይ ላይ የሚለጠፉ ጥቃቅን ነፍሳት። የሁለቱ ትሪዎች ልዩነት ከተማዋ በወንዙ ላይ ያደረገችው ነገር ነው።

የኬሚካል ምርመራ የሚናገረው ናሙናው በተቀዳበት ደቂቃ ውሃው ምን ይመስል እንደነበር ነው። አንድ ፋብሪካ ፍሳሹን ሌሊት ለቅቆ ጎህ ሲቀድ ቢያቆም፣ የጠዋቱ ጠርሙስ ምንም ላያውቅ ይችላል። እጮቹ ግን ለሳምንታትና ለወራት እዚያው ኖረዋል፤ ሌሊት ያለፈውን መርዝ በሕይወታቸው ከፍለውበታል። ወንዞችን በእነዚህ ፍጥረታት አማካይነት ደረጃ የሚሰጥ፣ ለኢትዮጵያ ደጋማ ወንዞች ተብሎ የተዘጋጀ ኢትባዮስ የሚባል መለኪያ ያለውም ለዚህ ነው።

ከወንዙ ማዶ ጎመንና ቆስጣ የሚያጠጡ እናት ሥራቸውን አቁመው ሲመለከቱ ቆዩ።

«ልጄ፣ ደግሞ ዛሬ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?»

«ውሃውን ልንመረምር ነው፣ እማማ።»

«ባለፈውም መጥተው ቀድተው ሄደዋል። ምን ሆነ አሉ?»

ተማሪዋ መረቧን እንደያዘች ቆመች። ባለፈው የመጡት እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳገኙና ውጤቱ የት እንደተቀመጠ አታውቅም። መምህሯም ቢጠየቁ አያውቁም። በኢትዮጵያ የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ያለበት ትልቁ ችግር በእኚህ እናት ጥያቄ ውስጥ ተጠቃሎ አለ። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ትምህርቱ ምን እንደሆነ፣ ለምንስ እንደሚያስፈልገን እንይ።

ነጩ ዝቃጭ

ወንዙ ዳር ከሚሠሩት ሥራዎች ሁሉ ተማሪዎቹ የማይረሱት የኦክስጅን ምርመራውን ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1888 ያወጣው ላዮሽ ዊንክለር የተባለ የሀንጋሪ ኬሚስት ነው። ዛሬ በኤሌክትሮድ የሚለካ መሣሪያ ቢኖርም፣ ተማሪ መጀመሪያ በእጁ መሥራት ያለበት ይህንን ነው። ጠርሙሱ አየር ሳይገባበት እስከ አፉ ይሞላል። ማንጋኒዝ ሰልፌት፣ ከዚያም አልካሊ አዮዳይድ ይጨመርበትና ክዳኑ ተዘግቶ ይገለባበጣል። ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ካለ ቡናማ ዝቃጭ ይፈጠራል፤ ከሌለ ዝቃጩ ነጭ ይሆናል።

ከላይኛው ጅረት የተቀዳው ጠርሙስ ቡናማ ሆኖ ነበር። የዛሬው ነጭ ነው። ተማሪዎቹ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስተው እየተቀባበሉ አዩት። «ብክለት» የሚለውን ቃል ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ሲሰሙት ኖረዋል፤ ዓሣ መተንፈስ የማይችልበትን ውሃ በዓይናቸው ሲያዩ ግን የመጀመሪያቸው ነው።

ወደ ላብራቶሪ ሲመለሱ ሌላው ምርመራ ይከተላል። ናሙናው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ብርሃን በማይገባበት ቦታ ለአምስት ቀን ይቀመጣል። በእነዚያ ቀናት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ሲያብላሉ የጨረሱት ኦክስጅን ይለካል። ቢኦዲ የሚባለው ይህ ነው። የንጹሕ ጅረት ቢኦዲ በአንድ ሊትር ከሁለት ሚሊግራም የማይበልጥ ሲሆን፣ ያልታከመ የከተማ ፍሳሽ ከ200 በላይ ሊደርስ ይችላል። ወንዝ ራሱን የማጽዳት አቅም አለው። ያ አቅም ግን ልክ አለው፤ ልኩ ደግሞ በቁጥር የሚገኝ ነው።

እዚህ ላይ ከውጭ የመጣ መጽሐፍ ብቻውን የማይበቃበት ነገር ይመጣል። በመጽሐፉ ሰንጠረዥ መሠረት 20 ዲግሪ የሞቀ ንጹሕ ውሃ በአንድ ሊትር 9.1 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ልክ የሚሆነው ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ያው ንጹሕ ውሃ የሚይዘው ወደ 6.9 ሚሊግራም ብቻ ነው። ይህን ሳያሰላ የቀረ ተማሪ ከእንጦጦ ሥር የሚፈልቀውን ንጹሕ ምንጭ «ተበክሏል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሳይንሱ የዓለም ነው፤ ስሌቱን ግን ከራሳችን ተራራ ከፍታ ጀምሮ መሥራት የእኛ ድርሻ ነው።

«ምን ሆነህ ልትወጣ ነው?»

ወደዚህ ትምህርት የሚገቡት አብዛኞቹ ተማሪዎች ሲጀምሩ ያሰቡት እሱን አልነበረም። የፍሬሽማን ዓመት አልቆ የዲፓርትመንት ምርጫ ሲሞላ ቀዳሚውን ቦታ የሚይዙት ሕክምና፣ ኢንጂነሪንግና ኮምፒውተር ነክ ትምህርቶች ናቸው። ውጤቱና ኮታው ተደምሮ «አካባቢ ሳይንስ» የሚል ምደባ ሲወጣ፣ ቤተሰብ ዘንድ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን ሆነህ ልትወጣ ነው?» ሐኪም ምን እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል። ይህኛው ግን ባለሙያው ራሱ እንኳ ሥራውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ለመግለጽ የሚቸገርበት ሙያ ነው።

የሚቸገረው ትምህርቱ ብዙ ሙያዎችን ስለሚያጣምር ነው። ተማሪው ኬሚስትሪ ይማራል፤ ማይክሮባዮሎጂ፣ የአፈር ሳይንስ፣ ሃይድሮሎጂ፣ ሥነ ምህዳር፣ ስታቲስቲክስና ጂአይኤስም አሉ። ከዚያ ደግሞ የአካባቢ ሕግና የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይመጣሉ። የሚሰጠውም በአንድ መልክ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ በሚገኘው የሳይንስ ግቢው የአካባቢ ሳይንስ ማዕከል አለው። ጅማ ከጤና ጋር አቆራኝቶ ያስተምረዋል። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ወንዶ ገነት ኮሌጅ ደግሞ ከደንና ከተፈጥሮ ሀብት ጋር ያያይዘዋል።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ጣና ያሳየናል። እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው። በኮካ ሐይቅ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ በጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በእጁ ነቅሎታል፣ ማሽን ተገዝቷል፣ ከመላው አገሪቱና ከውጭ አገር ገንዘብ ተዋጥቷል። የገበሬው ጉልበትና የወጣቱ ርብርብ የሚደነቅ ነው። ሆኖም አረሙ ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ ብዛቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

ለአካባቢ ሳይንስ ተማሪ ዋናው ጥያቄ «ምን በልቶ ነው እንዲህ የሚያድገው?» የሚለው ነው። መልሱን ፍለጋ ከሐይቁ ወጥቶ ጉማራንና ርብን ተከትሎ ወደ ላይ ይሄዳል። የተራቆተው ተዳፋት በክረምት አፈሩን ይለቃል። ፎስፈረስ ደግሞ ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ የሚጓዝ ንጥረ ነገር ነው። ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ፣ የከብት እበትና የከተሞች ፍሳሽ ተደምረው ጥልቀት ወደሌለው የሐይቁ ዳርቻ ይደርሳሉ፤ ለአረሙ ማዕድ የሚቀርብለት እዚያ ነው። ስለዚህ እንቦጭን የሚያጠና ሰው እጽዋቱን ብቻ ቢያውቅ አይበቃውም። ደለሉን፣ የዝናቡን ወቅት፣ የገበሬውን የአስተራረስ ዘዴ፣ የከተማውን ፍሳሽ መስመርና ዳርቻው የማን ይዞታ እንደሆነ የሚወስነውን ሕግ ማወቅ አለበት። ትምህርቱ የተበታተነ የሚመስለው ችግሩ ራሱ የተበታተነ ስለሆነ ነው።

ከአድዋ ወንዝ ዳር የተጀመረ መንገድ

በዚህ መንገድ ቀድመውን የሄዱ ኢትዮጵያውያን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን ለማጥናት አድዋ ነበሩ። በሽታውን የምታስተላልፈው ወንዝ ውስጥ የምትኖር ቀንድ አውጣ ናት። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ። ከፍ ብሎ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። አክሊሉ በሕይወት ያሉትን ሰብስበው በዕቃ ውስጥ አደረጉና፣ ከሴቶቹ አንዷ የእንዶድ አረፋዋን እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ የላብራቶሪው ሥራ፣ በአድዋ የተካሄደው የዓመታት ሙከራ፣ ለጥናቱ የተቋቋመውና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የተቀበሉት «ራይት ላይቭሊሁድ» ሽልማት፣ መነሻው ያቺ ንጽጽር ናት። ከላይና ከታች፤ ሕያውና ሙት። በአቃቂ ዳር ሁለት ትሪ የሚያወዳድሩት ተማሪዎች የሚሠሩት በዚሁ አስተሳሰብ ነው። አክሊሉን ልዩ ያደረጋቸው ሌላም ነገር አለ፤ ዕውቀቱን ያገኙት ከሴቶቹ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያውንም ሙከራ አብረዋቸው ሠሩት።

ሁለተኛው ሰው ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። በሙያቸው የዕፅዋት ተመራማሪ ነበሩ። በዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፣ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆነዋል፣ የአስመራ ዩኒቨርሲቲን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። የኢትዮጵያን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ለረጅም ዓመታት ሲመሩ፣ በዓለም መድረክ ላይ የአፍሪካ ዋና ተደራዳሪ ሆነው ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ታዳጊ አገሮች ልውጠ ሕያው ዘርን መርምረው እምቢ ማለት የሚችሉበትን መብት ሲያረጋግጥ የእሳቸው ድርሻ ትልቅ ነበር። በዚያው ዓመት እሳቸውም «ራይት ላይቭሊሁድ»ን ተሸለሙ። እ.ኤ.አ. በ2023 አርፈዋል። ዕፅዋት በመለየት የጀመረ ሰው ዓለም አቀፍ ሕግ እስከ መቅረጽ ሊደርስ እንደሚችል ሕይወታቸው ማስረጃ ነው። «ምን ሆነህ ልትወጣ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

ጥፋተኛ የሌለበት ጉዳት፣ ጥፋተኛው የበዛበት ድርቀት

አካባቢ ሳይንስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፋብሪካን መክሰስ ነው። ትምህርቱ ግን ሰው ጥፋተኛ ያልሆነባቸውንም ጉዳዮች ያስተምራል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ መንደሮች ጥርሳቸው የበለዘ ልጆች ይታያሉ፤ የአጥንት መጣመም የደረሰባቸው አዋቂዎችም አሉ። ምክንያቱ ከጉድጓዱ የሚጠጡት ውሃ የተሸከመው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣራ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ያሉ በርካታ ጉድጓዶች ከዚያ በብዙ ያልፋሉ። ማንም አልጨመረውም። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ውሃ ከድንጋዩ ያገኘው ነው።

ውሃው ጥርት ያለ ነው። አይሸትም፤ ጣዕሙም አያስጠረጥርም። ከአቃቂው ውሃ የሚለየው በዚህ ነው፤ በዓይን የሚያምረው ጎጂ ሊሆን ይችላል። የመፍትሔው ዕውቀትም የሚመጣው ከተለያየ አቅጣጫ ነው። ፍሎራይድን ከከሰለ የከብት አጥንት በተሠራ ማጣሪያ መቀነስ ይቻላል። ግን ማጣሪያው በየጊዜው መታደስ አለበት። የሚያድሰው ማን ነው? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል? ኅብረተሰቡስ የአጥንት ማጣሪያን ይቀበላል? ኬሚስትሪው ተፈትቶም ሥራው አላለቀም።

የሐራማያ ሐይቅ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ከአገሪቱ አንጋፋ የግብርና ትምህርት ተቋም አጠገብ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ገደማ ግን ውሃው ጨርሶ ደረቀ፤ ጀልባ ይቀዝፍበት በነበረው ቦታ ከብት ተሰማራ። ማን አደረቀው? ከተማው ለመጠጥ ሳበ። ገበሬው ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ሳበ። ተዳፋቱ ደኑን አጥቶ ደለል ላከ። ፀሐይ እንደ ሁልጊዜዋ አተነነች። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የወሰደው ለብቻው ሲታይ ሐይቅ የሚያደርቅ አልነበረም። ተማሪው የሚማረው የውሃ ሒሳብ ቀላል ነው፤ ከገባው ላይ የወጣው ተቀንሶ የሚቀረው የሐይቁ ነው። ቀላሉን ሒሳብ የሚያከብደው ገቢውንና ወጪውን በየወሩ የሚመዘግብ አካል አለመኖሩ ነው። ደስ የሚለው በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ውሃ መልሶ መያዝ ጀምሯል። ይህን ሁለተኛ ዕድል የሚያቆየው ያ ምዝገባ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት የአዲስ አበባው ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ይህ የረጲ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አገር ለሦስት ቀን አዘነ። ለአሥርት ዓመታት ሳይለይ የተቆለለ፣ ከግማሽ በላይ እርጥብና በስባሽ የሆነ ቆሻሻ ጋዝ ያመነጫል፣ ፍሳሽ ያወርዳል፣ ቁልቁለቱ ከልክ ሲያልፍም ይንሸራተታል። እነዚህ ሦስቱም በመሣሪያ የሚለኩ ነገሮች ናቸው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ የሚለውን ኮርስ የሚወስድ ተማሪ ይህን ቀን ሳያውቅ መመረቅ የለበትም።

ሕጉ አለ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ መኖርን ለሁሉም ሰው በመብትነት ሰጥቷል። አንቀጽ 92 ደግሞ ይህን የመንግሥት ዓላማ ያደርገዋል። የአካባቢ ፖሊሲው በ1989 ዓ.ም ወጣ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን፣ አዋጅ ቁጥር 300/1995 የብክለት ቁጥጥርን ደነገጉ። በዚህ በሁለተኛው አዋጅ መሠረት ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ እሱን የነካው መሆኑን ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚበክል ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ይህ በብዙ አገሮች የማይገኝ ሰፊ መብት ነው።

ነገር ግን አቤቱታ ማስረጃ ይፈልጋል። «ወንዙ ይሸታል» ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ ከፋብሪካው የፍሳሽ ቱቦ በላይና በታች፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ዘዴ፣ ይህን ያህል ክሮሚየም ተገኝቷል ማለት ግን ሌላ ክብደት አለው። ቆዳ ፋብሪካ ቆዳን ለማልፋት ክሮሚየም ይጠቀማል። ንጥረ ነገሩ ከፍሳሹ ጋር ወንዝ ከገባ በኋላ በጭቃው ውስጥ ይጠራቀማል፤ በወንዙ የሚጠጣ ማሳም ይደርሰዋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚመረቱ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች ውስጥ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ያሳዩ ጥናቶች ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ ታትመዋል። ሕግ አውጪው የራሱን ሠርቷል ብለን ብንነሳ፣ የቀረው ሥራ የባለሙያው ነው።

ባለሙያው ግን ሥራ ያገኛል ወይ? እዚህ ላይ ለተማሪዎች እውነቱን መንገር ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት። ያን አልፎም ዲግሪውን ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚቆም ብዙ ነው። ሥራው ያለው በክልልና በከተማ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮዎች፣ በውሃና ፍሳሽ ድርጅቶች፣ የተጽዕኖ ግምገማ በሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶች፣ ፍሳሽ ማጣሪያ ባላቸው ፋብሪካዎችና ኢንዱስትሪ ፓርኮች ውስጥ ነው። ለምሳሌ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲገነባ ፍሳሹን አክሞ መልሶ እንዲጠቀም ታስቦ ነው። እንዲህ ያለ ማጣሪያ ቀንና ሌሊት የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል። ተቀጣሪን ከተቀጣሪ የሚለየው ደግሞ እጁ ነው፤ ናሙና አወሳሰድን፣ መሣሪያ ማስተካከልን፣ የካርታ ሶፍትዌርን በትክክል የሚያውቅ ተመራቂ በሃንድአውት ብቻ ካለፈው ይቀድማል። የመስክ ጉዞ በበጀት እጥረት ሲሰረዝ የሚጎዳውም ይኸው ነው። ወንዝ ሳያይ ስለ ወንዝ የተመረቀ ተማሪ አለን፤ ጥፋቱ የተማሪው አይደለም።

አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ወንዝ

አሁን ወደ አትክልት አልሚዋ እናት ጥያቄ እንመለስ። በየዓመቱ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ወንዝ፣ ሐይቅ፣ አፈርና አየር ይለካሉ። ፕሮፖዛል ይጻፋል፣ አማካሪው ያርማል፣ ናሙና ይቀዳል፣ ውጤት በሰንጠረዥ ይቀመጣል፣ ጽሑፉ ይጠረዛል፣ ፈታኞች ፊት ይቀርባል። ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። የሚቀጥለው ተማሪ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ወር፣ በሌላ ዘዴ ይጀምራል። «አዲስ ርዕስ ምረጥ» ይባላልና ያለፈው ዓመት ተማሪ የሠራውን መድገም እንደ ጥፋት ይቆጠራል። ውጤቱ ብዙ ነጠላ ቁጥሮች ይሆናል፤ ወንዙ ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ ተሻለው ወይስ ባሰበት ለሚለው ጥያቄ ግን ከመደርደሪያው መልስ አይገኝም።

የዓለም የአየር ንብረት ሳይንስ የተለወጠው መድገም ባላሳፈረው ሰው ነው። ቻርልስ ኪሊንግ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1958 በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት ጀመረ። በዚያ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 315 ገደማ ነበር። ያንኑ ነገር፣ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ዘዴ መለካቱን ቀጠለ። በጀት ሊቋረጥበት ሲል ተከራከረ። ዛሬ ቁጥሩ ከ420 በላይ ነው። ያ ሰንጠረዥ ባይኖር ኖሮ የዓለም መንግሥታት የሚደራደሩበት መሠረት አይኖርም ነበር።

ይህን ለማድረግ ሃዋይ መሄድ አያስፈልግም። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ ብዙዎቹም በቅርባቸው ወንዝ ወይም ሐይቅ አላቸው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ አንድ ወንዝ ወይም አንድ ሐይቅ ይያዝ። አምስት ቦታ ይመረጥ። በየዓመቱ በበጋና በክረምት፣ በእነዚያው ወራት፣ በዚያው ዘዴ የሚገባው ክፍል ሁሉ ይለካ። የሚያስፈልገው ዕቃ ውድ አይደለም። መረብና ነጭ ትሪ በአገር ቤት ይሠራሉ። የሐይቅን ጥራት ለማየት አንጀሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1865 የተጠቀመበት፣ በገመድ ታስሮ ወደ ውሃ የሚወርድ ሳህን ዛሬም በመላው ዓለም ይሠራል። የኦክስጅን ምርመራው ኬሚካልና ጠርሙስ ማንኛውም የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ሊያሟላው የሚችል ነው። ከባድ ብረቶችን የሚመረምሩት ውድ መሣሪያዎች ባሉባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ሌሎቹ ናሙና ልከው ማስመርመር ይችላሉ።

ውጤቱም ከመደርደሪያ ይውጣ። በዓመት አንድ ገጽ፣ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ፣ ለቀበሌው፣ ለትምህርት ቤቱና ለጤና ጣቢያው ይሰጥ። ይህ የበጎ አድራጎት ሥራ አይደለም፤ የሳይንሱ አካል ነው። በማሳው ዳር የተቀዳ ውሃ ምን እንደተገኘበት የማወቅ የመጀመሪያ መብት ያለው በዚያ ውሃ የሚያለማው ሰው ነው። ለእሱም ሲነገር ከነመፍትሔው መሆን አለበት። የትኛው ሰብል ከባድ ብረት በብዛት ይወስዳል፣ የትኛው ያንሳል፣ የጉድጓድ ውሃ ይገኝ እንደሆነ፣ አቤቱታው ለማን እንደሚቀርብ። «ውሃህ መርዝ ነው» ብሎ መሄድ እንጀራውን ነጥቆ እንደ መሄድ ነው።

ይህ ሲሆን ተማሪውም ይለወጣል። ቁጥሩ ከአሥር ዓመት በኋላ በሌላ ተማሪ እንደሚነበብ ያወቀ ሰው ሲለካ ይጠነቀቃል። ያልለካውን አይጽፍም። ከጓደኛው ሰንጠረዥ አይገለብጥም። ስሙ በተከታታይ መዝገብ ላይ ይገባልና የሙያ ሥነ ምግባር የሚባለውን ነገር በሌክቸር ሳይሆን በሥራ ይማረዋል። ለቀጣሪውም «ወንዛችንን ለሦስት ዓመት ለክቻለሁ፤ ይኸው» ብሎ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። የአካባቢ ጥበቃ ቢሮውም ፋብሪካ ሲጠይቅ በእጁ ማስረጃ ይዞ ይጠይቃል፤ የተሻሻለ ፋብሪካም መሻሻሉ በቁጥር ይመሰከርለታል።

ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ አዋጁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዲስ ተቋም መክፈትም አያሻም። የሚያስፈልገው አንድ የዲፓርትመንት ስብሰባ ነው፤ «ከዚህ ዓመት ጀምሮ ይህ ወንዝ የእኛ ነው፤ የመጀመሪያው ርዕስም ያለፈው ክፍል የለካውን መድገም ነው» ብሎ በቃለ ጉባኤ የሚያሰፍር ስብሰባ። በመስከረም የሚገቡት ተማሪዎች ደብተር ከዜሮ ሳይሆን ከአምናው ቁጥር እንዲጀምር የሚያደርገው ይህ ውሳኔ ነው። ውሳኔው በመምህራን እጅ ነው፤ ዘንድሮ ሊወሰን ይችላል።